ሁለት ቫይረስ በአንድ ሐረግ

ተመራማሪው ዶክተር ሀብተሚካኤል ሞቶ የተገኘው የስኳር ድንች ችግኞቹን በሚያሳድግበት የመረብ ቤት ውስጥ ነው። ከፔርሙሱ ሻይ ፀረ ተባይ ይሸታል፤ ደረቱ ላይ ቅጠሉ የተጨማደደ የስኳር ድንች ሐረግ ተጋድሟል። ገዳዩ በመግደሉ ብቻ አልረካም፤ ለምን እንደገደለም እንዲታወቅለት ፈልጓል።

የኢንስፔክተር ዙሁራ አለቃ ግን ፋይሉን ለመዝጋት ቸኩሏል።

«ዘካሪያስ ነዋ! ዶክተሩ ቫይረስ አለበት ብሎ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳውን ሲያስነቅልበት ሰው ፊት ‹አሳይሃለሁ› ብሎት የለ? ዛሬም እዚህ ነበር። ክስ ይመሥረትበት።»

«የሐረጉ ምርመራ እስኪደርስ ይታገሱኝ» አለች ዙሁራ። የተጣደፈ ፍርድ ደሟን ያፈላዋል።

አቶ ዘካሪያስ ሐረግ እያባዙ ለገበሬ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ለምን መጡ?»

«ልለምነው ነዋ! ሐረጉን የሰጠኝ እሱ፣ አባዝተህ ሽጥ ያለኝ እሱ፣ የነቀለው እሱ! ለምለም ነበር እኮ፣ ልጄ። ተናድጄ ዛትኩ እንጂ ሰው አልገድልም።»

ጥበቃው ሚፍታ ከሽማግሌውና ከረዳት ተመራማሪዋ ከማዕዶት በስተቀር ማንም እንዳልገባ ማለ። ማዕዶት አላለቀሰችም። ዙሁራን የገረማት ግን ሌላ ነው፤ ልጅቷ የስኳር ድንች በሽታ እያጠናች፣ ያንን ሐረግ ጎንበስ ብላ እንኳ አላየችውም።

«ሐረጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይቻላል?» አለቻት ዙሁራ።

«የቫይረሱ ዘረመል እንደየቦታው ትንሽ ይለያያል። ያሳብቃል።»

ዙሁራ የተከተፈ ቅጠል በከረጢት አሽጋ ሰጠቻት። ውጤቱ ሲደርስ ማዕዶት «ከጋሼ ዘካሪያስ ማሳ ነው፤ ፍጹም አንድ ነው» አለች።

ዙሁራ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማዕዶት፣ የሰጠሁሽ ቅጠል ሴቻ ሰፈር ካለው ከእናቴ ጓሮ የቆረጥኩት ነው። ደረቱ ላይ የነበረውን ዋናውን ሐረግ ከእናቴ ቅጠል ጋር ሌላ ከተማ ልኬ አስመርምሬዋለሁ። የእናቴ ጤነኛ ነው። አንቺ ሳትመረምሪ ሽማግሌውን አስያዝሽ።»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሁን። ዋናው ሐረግ ላይ ሁለት ቫይረስ ተገኘ። አንዱ የኩልፎው ነው፤ ብቻውን ሲሆን ቅጠል ላይ እምብዛም አይታይም። ሌላው ኩልፎ የለም፤ እስካሁን የታየው ካምባ ወረዳ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ቅጠሉን አጨማደው ማሳ ይፈጃሉ። ስለዚህ ያ የተጨማደደ ሐረግ ከጋሼ ለምለም ማሳ አልመጣም፤ ከካምባ ነው። ጎንበስ ብለሽ ያላየሽውም ራስሽ ስላመጣሽው ነው። ካምባ ሰው ልኬ አጠያይቄያለሁ። ማሳው ወድሞበት ራሱን ያጠፋ አንድ ገበሬ አለ። አባትሽ ነው።»

ማዕዶት ቀና አለች።

«ዶክተሩ ሐረጉ በሽታ እንዳለበት እያወቀ ነው ያደለው! በኋላ ማሳ ሲያስነቅል እንኳ፣ ስሙ እንዳይጎድፍ በሽታው ከእሱ እንደወጣ ደበቀ። የደረስኩበት አባቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። ሲሞት ደስ ብሎኛል። ቢነሳ ደግሜ እገድለዋለሁ።»

«ጋሼ ዘካሪያስስ ምን አደረጉሽ?»

«ለአባቴ የሸጠለት እሱ ነው!»

«አላወቁማ! በዓይን እንደማይታይ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?»

«አባቴም አላወቀም። ለምን የእኔ ብቻ ይሙት?»

ፖሊሶች ይዘዋት ወጡ። አቶ ዘካሪያስ ነፃ ነዎት ቢባሉም ከወንበሩ አልተነሱም።

«ከካምባ የመጣ ሰውዬ ትዝ ይለኛል» አሉ። «ሩቅ አገር ነው የሚሄደው ብዬ፣ ለምለም ለምለሙን መርጬ ሰጠሁት።»