የክፉ ቀን ጀልባዎች

የንጉሡ የሸራ ውድድር ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው የጎርማ ባሕር መዳብ መሰለ። ዓሣዎች ዓይናቸውን እንዳፈጠጡ ሞተው ተንሳፈፉ፤ የባሕር ወፎችም ጫጩቶቻቸውን ጥለው ወደ ተራራው ሸሹ። በሰላድር መንግሥት የዚህን ምልክት ትርጉም ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በሁለቱ ገደሎች መካከል፣ በጠባቡ መተላለፊያ ሥር የተኛው ዘንዶ ኡራም እንቅልፉ ቀሏል ማለት ነው። ኡራም ከነቃ ይተነፍሳል፤ ከተነፈሰም ነጭ ነፋስ ይነሣል፤ ነጭ ነፋስ የመታው ሸራ ደግሞ ወደብ ተመልሶ አያይም።

ማርዳ ምልክቱን ከሁሉ ቀድማ አየች፤ ለዚህ ያበጀችው ሥርዓት ስላለ ግን አልደነገጠችም። ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ብትሆንም የነፍስ አድን ጀልባዎች አለቃ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ውድድር አሥራ አንድ መርከበኞች በሰጠሙ ጊዜ፣ ንጉሥ አድያም ለክፉ ቀን የሚሆን ሥርዓት እንድታበጅ ያዘዘው እሷን ነበር። የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ዞረች። «ማን አየ? ማን ጮኸ? ማን ዘገየ?» እያለች ጠየቀች። የሰማችውንም ሁሉ አጥንታ ደንቡን በብራና ጻፈች። አራት ጀልባዎች ከነቀዛፊዎቻቸው በአራት ቦታ ይቁሙ፤ ወደ ባሕር የሚወጣ ሰው ሁሉ በስሙ ይመዝገብ፣ ሲመለስም በስሙ ይጠራ፤ ከሁሉ በላይ የጥንቱ መለከት በመተላለፊያው አፍ ባለው በጥርስ ቋጥኝ ላይ ይቀመጥ፤ ኡራም የሚፈራው የእርሱን ድምፅ ብቻ ነውና። ንጉሡም በብራናው ላይ ማኅተሙን አሳረፈ።

በውድድሩ ማለዳ ማርዳ ወደ ወደቡ ስትወርድ ያየችውን ማመን አቃታት። አራቱም የነፍስ አድን ጀልባዎች በቀይ ምንጣፍ ተሸፍነዋል። ቀዛፊዎች በሚቀመጡበት መኳንንትና ወይዛዝርት ተደላድለው የጅግራ ጥብስ ይበላሉ። ገመዱና የመንሳፈፊያው ቅል አሸዋ ላይ ተዘርግፏል፤ አጠገቡ አርባ ዓመት ሙሉ በእነዚህ ጀልባዎች የቀዘፈው ሽማግሌው ጋርሞ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሊቀ ሐመር ዘርጋም ነው ያዘዘው» አለ ጋርሞ። ዘርጋም የወደቡም የውድድሩም ሹም ነበር። «እንግዶች ከቅርብ ይመልከቱ፣ ቅልና ገመድ ለዓይን ያስቀይማል አለ።»

«መለከቱስ? ቋጥኙ ላይ ነው?»

«ምን ቋጥኝ አለሽ ልጄ! ትናንት አስወርዶት በንጉሡ ድንኳን ሰቅሎታል። ለጌጥ።»

የማርዳ ደም ፈላ። ወደ ድንኳኑ ስትገባ ማንንም አላስፈቀደችም፤ በዙፋኑ ፊት ተንበረከከች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ባሕሩ ተለውጧል። ኡራም ሊነቃ ነው። ውድድሩ ይቆይ፤ ይህ ካልሆነም ጀልባዎቼና መለከቱ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። በማኅተምዎ ያጸኑት ቃል ነው!»

ንጉሡ አፉን ሳይከፍት ዘርጋም ሣቀ። «የአምስት አገር ነገሥታት ተጋብዘው ተቀምጠዋል። ጥቂት ዓሣ ሞተ ተብሎ ሸራ ይጠቅለል? ደግሞስ ምን ጎደለብሽ? ሥርዓቱ ተጽፏል፤ ታትሟል፤ በመዝገብ ቤት በክብር ተቀምጧል።»

«በመዝገብ ቤት የሚሰጥም ሰው የለም!» ብላ ጮኸች።

ንጉሡ ዓይኗን ማየት አልፈለገም። «የዘንድሮው ይለፈን» አለ ጽዋውን እያነሣ። «ከውድድሩ በኋላ እናየዋለን።»

ወዲያው የማስጀመሪያው ሰንደቅ ወረደ። አርባ ሸራዎች መቶ ሃያ መርከበኞችን ይዘው ወደ መዳቡ ባሕር ወጡ።

ማርዳ ከተንበረከከችበት ተነሣች። «በአሥራ አንዱ ሙታን ስም እምላለሁ፤ የእናንተን ግብር እንዳላደፈርስ ብዬ አሥራ ሁለተኛ ሬሳ አልቆጥርም!» አለች፤ ከዙፋኑ ጀርባ የተሰቀለውን መለከት ገመዱን በጥሳ ይዛ ሮጠች። ሁለት ዘበኞች በር ላይ ጦራቸውን አነሡ፤ የአንደኛው ወንድም ግን ባሕር ላይ ነበርና የጓደኛውን ጦር ገፍቶ መንገድ ለቀቀላት።

ወደቡ ላይ ጋርሞና መሪ ያዧ ሲሊት መቅዘፊያቸውን ጨብጠው ጠበቋት። ሲሊት ከባሕር ሥር ዕንቁ እየለቀመች ያደገች ጠላቂ ነበረች። እንግዶቹ ግን አንነሣም አሉ። አንዲት ሐር የለበሰች ወይዘሮ «ይህ ቦታ ለእኔ የተሰጠ ነው!» ብላ ተቆጣች።

«እመቤቴ፣ ይህ ቦታ የተሠራው ለሚሰጥም ሰው ነው። መስጠም ካማረዎት ይቀመጡ» አለቻት ማርዳ። ወይዘሮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቅሉና ገመዱ ተጭኖ ጀልባዋ ተፈተለከች።

ወደ መተላለፊያው ገና አጋማሽ ሳይደርሱ ባሕሩ አበጠ። እንደ ተራራ ጫፍ ያለ ራስ ከውኃው ወጣ፤ ቅርፊቱ የዛገ ጋሻ ይመስል ነበር፤ ዓይኑም ገና ከእንቅልፍ አልጠራም። ኡራም ተነፈሰ። ነጭ ነፋስ ገደሉን እየላጠ መጣ። ሦስት መርከቦች ወዲያው ምሰሷቸው ተሰብሮ ተገለበጡ፤ የቀሩት እርስ በርሳቸው እየተላተሙ ወደ ዘንዶው አፍ ይሳቡ ጀመር።

ማርዳና ጋርሞ ቀዝፈው ደርሰው ጥርስ ቋጥኝ ላይ ዘለው ወጡ። ሲሊት ጀልባዋን ወደ ተገለበጡት መራች፤ ከኋላ በሌላው የነፍስ አድን ጀልባ ከደረሱ ሦስት ቀዛፊዎች ጋርም ቅል እየወረወረች ሰው ትጎትት ጀመር።

መለከቱ የሚነፋው በሳንባ አልነበረም፤ የነፊውን ዕድሜ ይወስድ ነበር። አንድ ጊዜ መንፋት ሃያ ዓመት ያስከፍላል። ማርዳ ይህን ታውቃለች፤ ቢሆንም ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ድምፁ ገደሎቹን አናወጣቸው። ኡራም ራሱን ወደ ኋላ መለሰ፤ መርከቦቹም ፊታቸውን ለማዞር ፋታ አገኙ። የማርዳ ፀጉር ግን እንደ ጥጥ ነጣ። ዘንዶው እንደገና አፉን ሲከፍት መለከቱን ለማንሣት ተንገዳገደች።

ጋርሞ ከእጇ ነጠቀው።

«አባባ፣ ተወኝ! አንተ ሃያ ዓመት ከየት ታመጣለህ?»

«የለኝም ልጄ። ያለኝን ይውሰድ። አንቺ ካለቅሽ ነገ እነዚህን ሹማምንት ማን ይጋፈጣቸዋል? እኔ መቅዘፍ እንጂ መናገር አላውቅም።»

ነፋው። ረጅም፣ ወፍራም፣ የማይቆረጥ ድምፅ ነበር። ኡራም ጮኾ ወደ ጥልቁ ሰጠመ፤ ውኃው ተዘጋበት፤ ነፋሱም ጸጥ አለ። ድምፁ ሲያበቃ ጋርሞ ቋጥኙን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ መለከቱ ጭኑ ላይ፣ ዓይኑ ወደ ባሕሩ። ማርዳ ጠራችው። አልመለሰም።

መርከቦቹ ወደብ ሲደርሱ ማርዳ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ከለከለችና የስም ዝርዝሩን አወጣች። አንድ በአንድ ጠራች። መቶ አሥራ ሰባት ሰዎች «አለሁ!» አሉ። ሦስት ስሞች ተጠርተው መልስ አጡ፤ ደግማ ጠራቻቸው። ከድንኳኑ በኩል ግን ነጋሪት ይመታ ነበር፤ ሊቀ ሐመር ዘርጋም የአሸናፊውን ስም ሊያውጅ ተነሥቷል።

የጋርሞ ሚስት እማማ ዝያን ከቋጥኙ በጀልባ በመጣው ሬሳ አጠገብ ቆማ ነጋሪቱን ሰማች። አላለቀሰችም። «ነግረሻቸው ነበር?» አለች።

«ነግሬያቸው ነበር፣ እማማ።»

«እንግዲያው ነይ።»

ሬሳውን መርከበኞች ተሸክመው፣ ሁለቱ ሴቶች ከፊት ሆነው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ዘርጋም ፈጥኖ እጁን ዘረጋ። «ተመልከቱ! ሥርዓታችን ሠራ! አስቀድመን አቅደን ስለነበር አገር ዳነ!»

«አቅደን?» አለች ማርዳ በቁጣ። «አንተ ጀልባውን ምንጣፍ አልብሰህ፣ መለከቱን ጌጥ አድርገህ፣ ገመዱን አሸዋ ላይ ጥለህ ነበር! እኛ ከአንተ እጅ ሰርቀን ነው ያዳንናቸው። ሦስቱን አላዳንናቸውም። ስማቸውን ታውቃለህ? ንገረን!»

ዘርጋም አንድም ስም አላወቀም። መርከበኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ፤ አሸናፊ የተባለውም ወጣት የወርቅ አክሊሉን አውልቆ ጋርሞ ደረት ላይ አኖረ።

ንጉሥ አድያም ከዙፋኑ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የዘርጋምን የሹመት ሰይፍ ከወገቡ አስፈታ። «ማኅተሜን መጀመሪያ የናቅሁት እኔው ነኝ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ማርዳ እጇን ሳታነሣ በሰላድር አንድም ሸራ አይዘረጋ። ንጉሥ ቢያዝም አይዘረጋ!» ከዚያም ወደ እማማ ዝያን ዞሮ ዝቅ አለ። «እናቴ፣ ምን ላድርግልሽ?»

አሮጊቷ የባሏን ቀዝቃዛ እጅ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«ይህንን ቃል ጠዋት ተናግረኸው ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ባሌ አሁን ቤቱ ገብቶ እግሩን ይታጠብ ነበር።»