የመጀመሪያው ውሃ

አቶ ቢሰጥ ቡሬ ውስጥ፣ በገዛ በረንዳቸው ላይ የቻይና ሻይ ጠጥተው ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ኢንስፔክተር ወይኒቱ እዚያው በረንዳ ላይ ቆማ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትበግናለች። የፍኖተ ሰላሙ አለቃዋ ኮማንደር እጅጉ ልጅቱን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወደዚህ ላኪያት ይላታል። ቅጠሉን ያመጣችው እሷ፣ አፈላሉን ያስተማረችው እሷ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ ነው ነገሩ። የላቦራቶሪው ውጤት ከአዲስ አበባ በሦስት ወሩም ከመጣ ተመስገን ነው።

ልጅቱ ሰብሊ ትባላለች። አቶ ቢሰጥ ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት፣ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቻይኖች ዘንድ የምትሠራ ናት። ኡሎንግ የሚሉትን፣ ቅጠሉ እንደ ዶቃ የተጠቀለለ ሻይ ከነሥርዓቱ እዚህ ቤት ያስገባችው እሷ ናት። ትናንት አባቷ ሲቀበሩ እንኳ ከጣቢያ አልለቀቋትም። ወይኒቱ ፈቃድ ጠይቃላት እምቢ ተብላለች፤ አንጀቷን የሚያሳርራት አንዱ ይሄ ነው።

ሌላው የነገሩ አለመያያዝ ነው። ጡጫ ከምታህል አንዲት የሸክላ ማንቆርቆሪያ አራት ሰው ተቀድቶለታል፦ ሟቹ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ታናሽ ወንድማቸው ላቀው እና ሰብሊ። የሞተው አንድ ሰው። ሴቶቹን አስመልሷቸው ተረፉ፣ ላቀውን ራስ ምታት እንኳ አልነካውም። ሐኪሙ የተባይ መድኃኒት ነው ብሏል። መድኃኒቱ ደግሞ ለእህሉ ተብሎ የማይገኝበት ቤት የለም፤ ማንን ይዘው ማንን ይለቃሉ!

ወይኒቱ ሁለት ቀን ሙሉ ስኒ ስታገላብጥ ከረመች። ሰብሊ ግን መድኃኒቱ ስኒው ላይ ቢኖርማ ይታጠብ ነበር ብላ ድርቅ አለች።

«የመጀመሪያው ውሃ አይጠጣም» ብላታለች። «ቅጠሉና ስኒው ይታጠብበታል፣ ከዚያ ትሪው ላይ ይደፋል። አባባን ያስተማርኩት እንደዚያ ነው።»

ወይዘሮ ሀብትነሽም ባላቸው ሰብሊ ካለችው ዝንፍ እንደማይሉ መስክረዋል፤ እሳቸውም ሰብሊም ከጓዳ የሚወጡት ሻዩ ደርሶ ሲጠሩ ነው። ላቀው ብቻ ቃሉን ሲሰጥ አኩርፎ ነበር። ሽንዲ ያለውን የአባታቸውን መሬት ሃያ ዓመት ያረሰው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ወንድሙ ባለፈው ወር ለሰብሊ ተናዘዘላት። «ሻዩም እንደዚያው ነው» አለ፤ «ምርጡን ብቻውን ይጠጣል፣ የተረፈውን ለእኛ ይቀዳል።» ወይኒቱ ጽፋ አስፈረመችው፣ የወንድማማች ቅያሜ ነው ብላም አለፈችው።

ኮማንደሩ ጆሮዋ ላይ ስልኩን ዘጋባት። በንዴት ጠረጴዛውን ስትመታው የቀርከሃው ትሪ ተንሸራተተ፣ ከሥሩ ያለው መሳቢያም ከፈት አለ። የሚደፋው ውሃ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጎንበስ ብላ አየችው። ደረቅ ነው፤ ጭራሽ ሸረሪት አድርቶበታል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰብሊን ከጣቢያ አስመጣችና ሦስቱንም በረንዳው ላይ አስቀመጠች። ካልተከፈተ ማሸጊያ ቅጠል ወስዳ በፈላ ውሃ ነከረች፣ የመጀመሪያውንም አንድ ስኒ ላይ ቀዳች።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ ያን ቀን ቀድሞ የመጣው ማን ነበር?»

«ላቀው ነው ልጄ። ጋሼ ውሃውን ሊወስዱ ወደ ጓዳ ሲገቡ እሱ እዚህ ተቀምጦ ነበር።»

«ቅጠሉም እዚሁ ከአቶ ላቀው ጋር ቀርቶ ነበር ማለት ነው።» ወይኒቱ ወደ ላቀው ዞረች። «መድኃኒቱ ስኒው ላይ አልነበረም፣ ቅጠሉ ላይ እንጂ። አብዛኛው በመጀመሪያው ውሃ ይወጣል፤ የቀረው ሴቶቹን አሳመማቸው። የእርስዎ ስኒ ግን እኛ ስንደርስ ሙሉ ነበር። እንዲበርድ ብዬ ነው አሉኝ። ሰብሊ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተቀድቶልናል ትላለች። አንድ ጉንጭ የማትሞላ ስኒ ያን ያህል ጊዜ ምን ትጠብቃለች?»

ላቀው ጋቢውን ሰበሰበ። ምስክር አለሽ ወይ አላት።

«ቅጠሉ ላይ የነሰነሰው ሰው የመጀመሪያውን ውሃ አቶ ቢሰጥ ብቻቸውን እንደሚጠጡት ያውቃል። ሰብሊ ይደፋል ትላለች፣ እትዬም እንደዚያው። ምርጡን ብቻውን ይጠጣል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ፊርማውም ይኸው።»

ላቀው አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። የሚሉት ነገር ከልቡ አልገባውም።

«ማን ይደፋዋል?» አለ። «አቦሉን? ጤነኛ ሰው አቦሉን ይደፋል?»

ሰብሊ ቀና ብላ አየችው። እሱም ከአፉ ምን እንዳወጣ ከፊቷ ላይ አነበበ።

«ሃያ ዓመት አረስኩት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።»

ሰብሊን ያመጣት ፖሊስ ይዞት ሲወጣ ወይኒቱ ደስታ ጠብቃ ነበር፤ አልመጣላትም። አንድ ቀን ቀድማ መሳቢያውን ስባ ቢሆን ልጅቱ አባቷን ትቀብር ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልትል አፏን ስትከፍት ሰብሊ ቀደመቻት።

«አባባ እሺ ልጄ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «ስንት ጊዜ ነገርኩት። እሺ፣ እደፋዋለሁ ብሎኝ ነበር። እኔን ለማስደሰት ነው አይደል?»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ሰብሊ ወይኒቱ የቀዳችውን ስኒ አነሳችና ትሪው ላይ ደፋችው። ውሃው በቀርከሃው መሃል ወርዶ የደረቀው መሳቢያ ውስጥ ሲንጠባጠብ ሦስቱም ሰሙት።