ወፍራሟ ቁልፍ ዝም ያለች ቀን

«እጅህን አንሳ! ማንም እንዳይነካው አልኩ እኮ!» አለች መርማሪዋ።

ሹፌሩ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ከኤሌክትሪክ ፒያኖው ማጥፊያ ላይ ሰበሰበ። የአባቱ አስከሬን ገና ከክፍሉ አልወጣም። እዚያው ባለ ጎማ ወንበሩ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ከአንሶላው የወጣው ቀኝ እጁ ብቻ ነው፤ እሱም ፒያኖው ላይ ወድቋል።

«ላጠፋው ብዬ ነው» አለ ሹፌሩ። «እሱ ሞቶ ይሄ መብራት ሲበራ… አልቻልኩም።»

«ቻለው። በርቶ ከተገኘ በርቶ ይቆያል።»

መርማሪዋ መጮህ አይሆንላትም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ያሏት ቀስ ብላ ገብታ፣ ወግታ፣ ሳይታወቅባት ስለምትወጣ ነው። ዛሬ ግን በሩን ካለፈች ጀምሮ አንድ ነገር እየከነከናት ነው።

ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያዘፍን የኖረ የሙዚቃ መምህር ነበር። አምና ጉሮሮው ታሞ ኦፕራሲዮን ሆነና ድምፁ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ነው። እግሮቹም ከድተውታል። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ አብራው የምትኖረው ሴት ልጁ ወደ ክፍሉ ስትገባ ሞቶ አገኘችው። ሐኪሙ መጥቶ አየውና «ታፍኖ ነው» አለ። «ቀዳዳዋ ተደፍናለች። አክታ ይሁን የሰው እጅ፣ መርምሬ እደውልልሻለሁ።»

ይሁን። ግን ልጁ የነበረችው ከጎን ባለው ክፍል ነው፤ በሩም ክፍት ነበር። መርማሪዋ ራሷ ቆጥራዋለች፤ አምስት እርምጃ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አምስት እርምጃ ላይ ያለች ልጁን ሳይጠራ እንዴት ይሞታል?

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። መርማሪዋ ስትገባ የስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ነበር። ቀና ስትል ዓይኗ አብጧል። የጆሮ ማዳመጫ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ገመዱ ደረቷ ላይ ወርዷል፤ ጫፉ የክብሪት እንጨት ያህል ቀጭን ነው። መኖሩንም የረሳችው ትመስላለች።

«አባትሽ ሲቸግረው እንዴት ነበር የሚጠራሽ፣ ልጄ?»

«በፒያኖው ነዋ። ግራ ዳር ያለችውን ድምፀ ወፍራሟን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ከመታት ‹ነይ› ማለት ነው። መሐል ላይ ሁለቴ ‹ውኃ›። ቀጭኗን አንዴ ‹ተይኝ፣ ደህና ነኝ›።» ሳታስበው ፈገግ አለች። «ጎረቤታችን ሊነዘንዝ ሲመጣ ደግሞ በክንዱ ሙሉውን ይጫነዋል። እሱ ስድብ ነው። ምን እያለ እንደሆነ እንኳ አልነግርዎትም።»

«ዛሬስ ወፍራሟን አልመታም?»

ፈገግታው ጠፋ። «አልሰማሁም። ማዳመጫ አድርጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ሁልጊዜ ግራ ጆሮዬን ክፍት አደርጋለሁ፤ ለሱ ብዬ። ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የኖርኩት፤ በግማሽ ጆሮ ነው የምተኛው። ያቺ ቁልፍ ብትጮህ ከመቃብርም እነሣለሁ!»

«ምን እያዳመጥሽ ነበር?»

«ሳይታመም የተቀዳውን» አለች። «ድምፁን። ናፍቆኝ ነው… አምስት እርምጃ ላይ ተቀምጦ ድምፁ ናፈቀኝ።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን አጠፈች።

«ወንድሜን ይጠይቁት!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በድንገት እንደ መጋል ብላ። «ጠዋት መጥቶ ሲነካካው ነበር። ታብሌት ላገናኝ፣ ገመድ ልሰካ… ድሮ ደወል ነበረን፤ ‹ፒያኖ ይሻለዋል› ብሎ ይሄን ጣጣ ያመጣው እሱ ነው። አበላሽቶት ሄደ። አባዬን ገደለው እኮ እልዎታለሁ!»

ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሌሊት መጋዘን ይጠብቃል፤ ቀን ይተኛል። ወይም ለመተኛት ይሞክራል።

«አባት፣ ‹አንድ ቀን ይሄን ፒያኖ ዝም አሰኘዋለሁ› ብለው ነበር አሉ።»

«ብያለሁ! ምን ያላልኩት አለ? ሚስቴን እፈታሻለሁ ካልኳት ሃያ ዓመቴ ነው፤ ይኸው እስካሁን ካልሲዬን ታጥባለች።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ መጥቻለሁ። ልጁ እየሞከርኩ ነው እያለ ቤቱን ያናጋዋል፤ ጋሼም እኔን ሲያዩ በክንዳቸው ያንን ድምፅ ለቀቁብኝ።» ራሱን ነቀነቀ። «እንደሚሰድቡኝ አውቅ ነበር እኮ። ደስ ይለኝ ነበር። ልጅቷ ‹ይቅርታ፣ ማዳመጫ አደርግለታለሁ› ብላ ፒያኖው ላይ ሰካችለት። ከዚያ ወዲያ ጸጥ አለ። እኔም ተኛሁ።»

«ክፍሉ ውስጥ ገብተው ነበር?»

«እግሬ ከዚህ ደፍ አላለፈም። እንዲያው በሞቴ፣ እኔ ሰው አፍናለሁ? ከአልጋዬ ለመነሣት እንኳ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ!»

ሹፌሩን ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ሸሚዙን እንኳ አላወለቀም።

«ምን አድርገህ ሄድክ?»

«ታብሌቱን ከፒያኖው ጋር በገመድ አገናኘሁት። የሚጫወተውን ሁሉ እንዲያስቀምጥለት ነው። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፤ ገመዱን ገለበጥኩ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ ከዚያ ሠራ። አባዬ ሳቀብኝ። አሁን ድምፅ የለውም እንጂ ሳቁ በትከሻው ነው፤ ያውቃሉ፣ እንዲህ እንዲህ ይላል።» ትከሻውን ሊያሳያት ሞከረና አልሆነለትም።

«ድምፁ ይሠራ ነበር ስትወጣ?»

«እንዴት አይሠራም! ጎረቤቱን ይጠይቁት። ሦስት ተኩል ላይ ወጣሁ፤ አራት ሰዓት ላይ መሪ ይዣለሁ።» ዓይኑን ወደ እህቱ ክፍል ላከ። «እሷ እኔ ነኝ ትላለች፣ አይደል?»

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ተመለሰች፤ በሩን ገጠም አደረገችና ፒያኖው ፊት ቆመች። ወፍራሟን ቁልፍ በአንድ ጣቷ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ዝም። መብራቱ ይበራል፣ ገመዱ ተሰክቷል፣ የድምፅ ማስተካከያውም እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፤ ቢወረወርም ድምፅ የሚያሰማ አይደለም። ታብሌቱን ከፍታ የተቀመጠውን ከሰዓቱ ጋር አንድ በአንድ አየች። ስታይ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። ከዚያ ተንበረከከችና ፒያኖው ሥር፣ ከቁልፎቹ በታች በእጇ ዳሰሰች።

ስትነሣ አንድ እጇ ተጨብጧል። ስልኳ ጮኸ፤ ሐኪሙ ነው። ሰማችው፣ «እሺ» አለችው፣ ዘጋች።

ሁሉንም ጠራቻቸው። ልብስ ሰፊዋ በአባቷ አልጋ ጠርዝ ተቀመጠች፣ ሹፌሩ መስኮቱ ጋ ቆመ፣ ጎረቤቱም ደፉን አለፈና ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ።

«የሰው እጅ የለበትም» አለች መርማሪዋ። «ቀዳዳዋን የደፈናት አክታ ነው። ማንም ቢደርስለት በሁለት ደቂቃ ይጠረግ ነበር። ጥያቄው ለምን ማንም አልደረሰም ነው። ስላልተጣራ ነው? አይደለም። ተጣርቷል።»

«አልተጣራም!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ይሄ ፒያኖ ድምፁን ለውጭ ባያወጣም፣ የተነካውን ቁልፍ ሁሉ በገመዱ ለታብሌቱ ይነግረዋል። ታብሌቱ ደግሞ አይረሳም። እስከ አራት ከአሥር ድረስ ዘፈን ይጫወታል፤ በማዳመጫ። ከዚያ ያርፋል። አራት ከአርባ አንድ ላይ ወፍራሟ፣ ሦስት ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ታብሌቱ ‹ተቋርጧል› ይላል፤ ወዲያው ‹ተገናኝቷል›። አጥፍቶ ማብራቱ ነው። እንደገና ሦስት ጊዜ። እንደገና አጠፋ፣ አበራ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።»

ሹፌሩ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ጠዋት እኔ ያደረግኩትን ነው የሚያደርገው» አለ። «ከኔ አይቶ።»

«ትንፋሹ እያለቀ ፒያኖውን ሲጠግን ነበር» አለች መርማሪዋ። «ስንት ጊዜ እንደተጣራ ልትሰሙት ይገባል።»

ታብሌቱን ነካች።

ፒያኖው አሁን ጮኸ። ወፍራሟ ቁልፍ ክፍሉን ሞላችው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«አቤት አባዬ!» ልብስ ሰፊዋ ተስፈንጥራ ተነሣች። ሁለት እርምጃ ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ባዶውን ወንበር ይዛ ቆመች።

መርማሪዋ ታብሌቱን አጠፋችው። በሥራዋ ዘመን ብዙ ልቅሶ ሰምታለች፤ እንደዚያ ያለ «አቤት» ግን ሰምታ አታውቅም። ሁሉንም ደረጃ በደረጃ፣ እስከ መጨረሻው ልትናገር ነበር የገባችው። አሁን ግን አንዱን ደረጃ ዘልላ ልታልፍ አሰበች።

«ታዲያ አሁን ከጮኸ… ያኔ ለምን?» አለ ጎረቤቱ በቀስታ።

«የማዳመጫው ጫፍ ቀጭን ነው፤ የፒያኖው ቀዳዳ ደግሞ ሰፊ። ስለዚህ ቀጭኑን የምታወፍር፣ የጣት አንጓ የምታህል ብረት በመሐል ትገባለች፤ አዳፕተር ይሏታል። ማዳመጫው ሲነቀል ቀጭኑ ጫፍ ብቻ ወጣ። ብረቷ እዚያው ቀረች። ቀዳዳዋ ፒያኖው ሥር ስለሆነች ለተቀመጠ ሰው አትታይም። ብረቷ እስካለች ፒያኖው ማዳመጫ የተሰካበት ይመስለዋል፤ ወደ ውጭ አይናገርም።»

«ዝም በሉ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ጎረቤቱ። ጉንጩ ረጥቧል፤ ሊጠርገውም አልሞከረም። «እኔ ባልነዘንዝ ማን ማዳመጫ ይሰካል?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን እንደያዘች ነበር። «ማዳመጫው… ሲነቀል?» አለች። እጇ ቀስ እያለ ወደ አንገቷ ወጣ። «አራት ከአሥር ላይ እኮ… ሲጨርስ ከጆሮው ላይ ያወለቅኩለት…»

ሹፌሩ አያት። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን አየ፣ ቀጭኑን ጫፍ አየ፣ ከዚያ መርማሪዋን አያት። ከእህቱ አንዲት ትንፋሽ ቀድሞ ገብቶታል።

«ሙጫ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ! ጠዋት ብረቷን ስሞክራት እየወጣች ስታስቸግረኝ ሙጫ ቀባኋት። እንዳትወጣ ብዬ። ማንም ቢነቅለው ትቀር ነበር፤ የፈለገው ሰው ቢነቅለው! አልነገርኩሽም። ረሳሁት። እኔ ነኝ።»

«ሙጫ?» አለች እህቱ።

«ሙጫ።»

ሄዳ በጥፊ መታችው፤ ደግማ መታችው። እሱ እጁን እንኳ አላነሣም። «ዓይንህን እንዳላይ» አለችው። «አባዬን ስቀብርም አጠገቤ እንዳትቆም። ሰማኸኝ? ወንድም አልነበረኝም።»

«እሺ» አለ።

«የምትለውን አስበኸዋል?» አለችው መርማሪዋ ቀስ ብላ። «መዝገብ ላይ ነው የሚገባው። ቸልተኝነት ሰው ከገደለ ያስከስሳል።»

«አስቤዋለሁ። ይጻፉት።» ዓይኑ ግን ከአፉ ጋር አልተስማማም፤ እየለመናት ነው።

ብረቷ መርማሪዋ መዳፍ ውስጥ ናት። ፒያኖው ሥር ተንበርክካ ስትስባት በሁለት ጣት ብቻ፣ ልስልስ ብላ ነበር የወጣችው። ንጹሕ ናት። ሙጫ የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም። ዝም ብትል ይህች ልጅ በግማሽ ጆሮ ከኖረችበት ዓመት ጋር ትተርፋለች፤ ወንድሟን ያጣችው ግን ላልሠራው ጥፋት ነው። ብትናገር ወንድሟን መልሳ ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ ግን በየትኛው ጆሮዋ ነው የምትተኛው?

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መርማሪዋ ዞረች። የተጨበጠውን እጅ አይታዋለች። መዳፏን ዘረጋች።

«እዚያ ውስጥ ናት አይደል? ያሳዩኝ። ሙጫውን በዓይኔ ልየው።»

እናንተ በመርማሪዋ ቦታ ብትሆኑ ጣቶቻችሁን ትፈቱ ነበር?