በሩ ሥር የተገኙት አራት ንጣፎች

ታናሹ ወለል አንጣፊ የሞተው ራሱ ባነጠፈው ወለል ላይ፣ ጭንቅላቱን በሰው ቤት ትራስ ላይ እንዳሳረፈ ነው። ሳጅኑ ገዳዩን ለማወቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ታላቅ ወንድሙ እንደሚቀናበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሙያውን ያስተማረው ታላቁ ሆኖ ሳለ፣ ደንበኛ የሚጠራው ታናሹን ነበር። ታላቁን ለማሰር የቀረው የኢንስፔክተሯ ፊርማ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተሯ ደግሞ በፊርማዋ ስስታም ናት። ባልደረቦቿ «እመት ጥርጥር» ይሏታል፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋቸዋለች።

በማግስቱ ክፍሉን በዝግታ አየችው። ቤቱ አሮጌ ነው። መስኮቶቹ ቀለም እየተደረበባቸው ተጣብቀው ቀርተዋል። የሚከፈተው በሩ አጠገብ ያለው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ተዘግቶ ተገኝቷል። ከውስጠኛው ግድግዳ እስከ መሃል አዲሱ የፕላስቲክ ንጣፍ ተለጥፏል። ከመሃል እስከ በሩ የተቀባው ማስቲሽ ንጣፍ ሳይለጠፍበት ደርቋል። በሩ ሥር ግን አራት ንጣፎች ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የቤቱን እመቤት አነጋገረች።

«ማስቲሹን መቼ ቀባው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ‹ማስቲሹ ጠንከር እስኪል ንጣፍ አይለጠፍበትም፣ አይግቡ› አለኝ። እስከዚያ መስኮቱን ከፍቶ እዚያው ጋደም ይላል፤ ልማዱ ነው።»

«ትራሱስ?»

«የኔ ነው። ወገቡን ሲያመው አይቼ አዘንኩለት። ሌላ ነገር የለም» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ማን ማን መጣ?»

«አራት ተኩል ላይ ሚስቱ ምሳ ይዛ መጣች። ወዲያው ተመለሰች፤ ምሳውንም ይዛው ሄደች። ስድስት ላይ ታላቅየው መጣ። ስምንት ላይ እኔ በሩን ስከፍት ሽታው ገፍትሮ መለሰኝ።»

ሚስቲቱ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

«ምሳውን ለምን መለስሽው?»

«ተኝቶ ነበር።»

«በምን ላይ?»

ሚስቲቱ ከንፈሯን ነከሰች። «ትራሷ ላይ። እኔ ቤት ትራስ አይወድም። ክንዱን ነው የሚንተራሰው።»

ታላቁ በተራው ቀረበ። እጆቹ ላይ የከረመ ማስቲሽ አለ።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ሥራውን ላይ።»

«ጉድለት ልትፈልግ?»

«እሱንም።»

«አገኘህ?»

«አላገኘሁም» አለ። ቅናቱን መደበቅ እንኳ አይችልበትም። «በር ላይ ቆሜ አየሁት፣ ተኝቷል ብዬ ተመለስኩ። ሚስቱን ግን አታስጨንቋት። ምንም አታውቅም።»

«ስለ እሷ መች ጠየቅኩህ? ይልቅ ወለል ከየት ነው የሚጀመረው?»

«ከውስጥ ወደ በር ነዋ።» መልሱ ካፉ ከወጣ በኋላ ዓይኑ ወደ አራቱ ንጣፎች ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ጎንበስ ብላ አራቱን ንጣፎች በጣቷ አነሳቻቸው። ከሥራቸው፣ በደረቀው ማስቲሽ ላይ፣ ጫፉ ወደ መስኮቱ የዞረ የሴት ጫማ ዱካ ታየ።

«ማስቲሹ ደህና ሳለ ቢቀመጡ ኖሮ በቢላም አይነሱም ነበር። የተቀመጡት ማስቲሹ ደርቆ መያዝ ካቆመ በኋላ ነው። ጀርባቸው ላይ ደግሞ ቀስት አለ፤ አራቱም ወደ አንድ ወገን ያመለክታሉ። ሙያውን የማያውቅ ሰው ስለ ቀስት ግድ የለውም።»

«ብዬ ነበር» አለ ሳጅኑ ወደ ታላቁ እየተጠጋ።

«ቆይ። ዱካው የሴት ነው፤ ማስቲሹ እርጥብ ሳለ የተረገጠ። መስኮቱን የዘጋችው ሌላ፣ ዱካዋን የሸፈነላት ሌላ።»

እመቤቲቱ ደንግጠው ጫማቸውን አዩ።

«እርስዎ አይደሉም። ታላቅየውን ትተው ታናሹን ስለጠሩ አንጀቱ አርሯል። ለእርስዎ ብሎ አይንበረከክም።»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቲቱ። «ሽታው ያሳምመው፣ ያንን ትራስ ያስጠላው ብዬ ነው። ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

ታላቁ ሁለት እጁን ለሳጅኑ ዘረጋ። «እሷን ተዋት። እኔን ውሰደኝ።»

«ገና አልጨረስኩም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ወንድምህ በማስቲሹ ሽታ ታፍኖ የሞተው ከሰባት ሰዓት በኋላ መሆኑን ሐኪሙ ተናግሯል። አንተ ቀስት ስታስተካክል የነበረው ስድስት ላይ ነው።»

ሚስቲቱ ነገሩ ገባት። ከዚያ ወደ ታላቁ ዞረች።

«ጋሼ፣ እየተነፈሰ ነበር?»

«ያንኮራፋ ነበር።»

«መስኮቱ እኮ አጠገብህ ነው። እጅህን ብትዘረጋ ይደርሳል።»

«ቢነቃ ይዞሽ ወደ ቤቱ ይሄዳላ» አለ፣ እሷን ብቻ እያየ። «አስር ዓመት ሙሉ ይዞሽ ሲሄድ ሳይ ኖሬያለሁ።»

ሳጅኑ ሁለቱንም ይዟቸው ወጣ። ሚስቲቱ ግን ከእሱ ጋር በአንድ መኪና አልሄድም አለች።