በሦስተኛው ድልድይ ሥር

በግንቦት የመጀመሪያው ሰኞ፣ በኡንጎክ ተራራ ፓርክ የወንዝ ዳሩ መንገድ ሰሌዳ ተቀየረ፤ «አስቸጋሪ» የሚለው ተፍቆ «ቀላል፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የሚመች» ተባለ። አርብ ማለዳ፣ ለውጡን ሲቃወም የነበረው የመንገዱ ጠባቂ ማ ጊቦክ ከሦስተኛው ድልድይ ሥር ሞቶ ተገኘ።

መርማሪ ታክ ዮንግሱክ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ልብሱ በመጠጥ ርሷል። ድንጋዩ ላይ የቆመው ማክጎሊ የተባለው የሩዝ ጠላ ጠርሙስ ግማሹ ጎድሏል፤ የሩዙ ነጭ አተላ ግን ከሥሩ አራት ጣት ያህል ረግቷል። በኪሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ሚስማሮች አገኘች።

በቢሮው ደጃፍ ጫማዋን አውልቃ መደርደሪያው ላይ ስታስቀምጥ የሌሎቹን ጫማ ለአፍታ ተመለከተች፤ ከዚያ ገባች። ሦስት ሰዎች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

«ሰክሮ ወደቀ፤ በቃ» አለ የፓርኩ ኃላፊ ሶን ዉጂን። «መጠጥ የሸጠችለትን ሴትዮ ይጠይቋት። ነገ ስልሳ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ጉዳዩ ዛሬውኑ ይዘጋልኝ።»

«ጊቦክ ጉበቱን ከታመመ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም» አለች ባለ መጠጥ ቤቷ ፒ ሱኖክ። «ጠርሙሱ የኔ ነው፣ አልክድም። ሰኞ ለሰሌዳህ ምረቃ ሃያ ጠርሙስ ያስገባሁልህ እዚሁ ነው። ጠጥተህ ረሳኸው እንዴ?»

«እማማ፣ ማክጎሊ እንዴት ነው የሚቀዳው?» አለች ታክ።

«ምን ጥያቄ ነው ልጄ? በጥብጠሽ ነዋ። ሳይበጠብጥ የሚጠጣ ሰው እዚህ አገር አይቼ አላውቅም።»

«ያልተከፈተው ጠርሙስ አተላው ስንት ጣት ነው?»

«አራት።»

ታክ ወደ ፓርኩ ምክትል ኃላፊ ወደ ሙን ሄጂን ዞረች። «ጊቦክ ሚስማር የያዘው ለምን ነበር?»

ሄጂን አለቃዋን ሳታይ መለሰች። «የሦስተኛው ድልድይ ወራጅ እንጨት በስብሷል። ካልዘጋችሁት ራሴ ጣውላ መትቼ እዘጋዋለሁ ብሎ ነበር። አቶ ሶንም ሰምተዋል።»

«አቶ ሶን፣ ዛሬ ወንዙ ዳር ወርደዋል?»

«አልወረድኩም። ከመኖሪያዬ በግቢው ተሻግሬ በቀጥታ እዚህ ገባሁ።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ታክ፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለው ንዴቷን አንቃ ስለያዘችው ነበር። «ጠርሙሱ ተጋምሷል፣ አተላው ግን ሙሉ ነው። ሳይበጠበጥ ላዩ ብቻ ተደፍቷል ማለት ነው። ጊቦክ አልጠጣም፤ ልብሱ ላይ ፈሰሰበት። ቀጥሎ ጫማ። ግቢው በጥድ አበባ ብናኝ ቢጫ ሆኗል። የእማማ ጫማ ቢጫ ነው፣ የሄጂንም። የእርስዎ ጫማ አንዲት ብናኝ የለበትም። አየር እየነፋ የጫማ አቧራ የሚያራግፈው ቱቦ ያለው በቢሮው የኋላ በር፣ የወንዙ መንገድ በሚያበቃበት ብቻ ነው። ከመንገድ የተመለሰ ሁሉ ሳያስበው ቱቦውን ያነሳል። እርስዎም እጅዎ ለምዶ አነሱት።»

ሶን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጫናቸው። «ጣውላውን ልቀማው ስል ተጓተትን፤ ከድልድዩ ወደቀ። እንዲሞት አልፈለግሁም።»

«ጠርሙሱስ? ሮጠው ሰው መጥራት ሲችሉ መጠጥ ፍለጋ ተመለሱ። ሕይወቱ አልበቃዎትም፤ ሞቶም ሰካራም ይባል አሉ። ነገ ደግሞ ልጆቹን በዚያ ወራጅ ላይ ሊያሻግሩ ነበር።»

ሱኖክ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከውጭ ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

ሄጂን ስልኩን አንስታ ወደ ትምህርት ቤቱ ደወለች። «የነገው ጉዞ ተሰርዟል» አለች። «መንገዱ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ተዘግቷል።»