አርባ ሁለተኛው ሰው

«ሁሉም ገብተዋል?» አለች እናቷ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ፣ የድምፅ ማጉያውን እንደያዘች።

ልጅቷ እጇ ላይ ያለውን ዝርዝር አየች። አርባ አንድ ስም አጠገብ «ደርሷል» የሚል ምልክት አለ። የቀሩት በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱት ልብስ ሰፊው ጋሼ ብቻ ናቸው። ቤታቸው ወንዙ ዳር ነው።

ባለፈው ዓመት ወንዙ ሰፈሩን ካጥለቀለቀ ወዲህ፣ እናቷ የምትሠራበት የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ጤና ጣቢያውና የእሳት አደጋ መከላከያው አንድ ላይ ዕቅድ አውጥተው ነበር። በራሳቸው እግር መሸሽ የማይችሉ ሰዎች ሁሉ ተመዘገቡ። ዛሬ ልምምዱ ነው። ዝናቡ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ልብስ ሰፊው ጋሼስ?» ብላ አጠገቧ የቆመችውን የጤና ጣቢያውን ነርስ ጠየቀች።

«እሳቸውን የእሳት አደጋዎቹ ናቸው የሚያመጧቸው። ወንበር የሚጭን መኪና ያለው እነሱ ጋ ነው። አሁን መንገድ ላይ ይሆናሉ፤ ምልክቱን አድርጊው።»

አደረገችው።

«አርባ ሁለት ከአርባ ሁለት!» ሲባል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የቢሮው ኃላፊ የእናቷን እጅ ጨብጠው፣ ሪፖርቱ ስምንት ሰዓት ላይ ለበላይ አካል እንደሚላክ ተናገሩ። እናቷ ለወራት እንቅልፍ አጥታለች። አሁን ግን ፈገግ ብላለች። ልጅቷ እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይታለች።

ወደ ቤት ስትመለስ የክፍሏ ልጅ አብሯት ነበር። አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ይሉታል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን ወሬውን አቋርጦ ወደ አንድ በር ጠቆመ።

ልብስ ሰፊው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰው ከራቫት አስረዋል። ጉልበታቸው ላይ መድኃኒታቸውንና መታወቂያቸውን የያዘች ትንሽ ቦርሳ አለች፤ ለየቤቱ በታደለው ወረቀት ላይ እንደታዘዘው።

«ምነው፣ ውሃው ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?» አሉ ሲያዩዋቸው።

ልጅቷ መሳቅ አቃታት። «ማንም አልመጣም፣ ጋሼ?»

«ነርሷ ትናንት ደውላ ‹የእሳት አደጋዎቹ ይመጣሉ› አለችኝ። የእሳት አደጋዎቹ ጠዋት በዚህ ሲያልፉ እጄን ባነሣ ‹እርስዎን ማኅበራዊ ጉዳይ ነው የሚወስድዎት› ብለውኝ ነጎዱ።» ከራቫታቸውን ነካ አደረጉ። «ሦስት ቦታ ተመዝግቤ፣ እንደ ሙሽራ ተውቤ ቀረሁልሽ።»

ፊቷ ጋለ። «እኔ ነኝ እኮ ‹ደርሰዋል› ብዬ ምልክት ያደረግኩት።»

«አቦ አታካብጂ!» አለ ሬዲዮ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። «ልምምድ ነው እኮ። አሁን ብታወሪ ጉድ የምትሆነው እናትሽ ናት።»

ጋሼ ሰምተውታል። «እውነቱን ነው፣ ልጄ። እናትሽ በጭቃ ስንቴ ተመላልሳለች እዚህ ቤት! ተይው። የእውነቱ ሲመጣ አይረሱኝም።»

ልጅቷ ቀና አለች። ያለፈው ዓመት ውሃ ግድግዳው ላይ የተወው ቡናማ መስመር ከትከሻቸው በላይ ይታያል። ያን ጊዜ ጎረቤቶች ተሸክመው ነበር ያወጧቸው። ከእነዚያ ጎረቤቶች ደግሞ ግማሾቹ ሰፈሩን ለቀዋል።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ስልክዎን ያውሱኝ፣ ጋሼ።»

እናቷ ወዲያው አነሣችው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሪፖርቱን እንዳትልኪው። ልብስ ሰፊው ጋሼ ቤታቸው ናቸው። ሳይመጡ ነው ምልክት ያደረግኩባቸው።»

ከወዲያ በኩል የኃላፊው ሳቅና የሚጎተት ወንበር ይሰማል። ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሳቁም ጠፋ።

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የጠበቁት?» አለች እናቷ።

ልጅቷ ጠየቀቻቸው። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

«ተቆጥተዋል?»

«አይ። እየቀለዱ ነው።»

«እሱ ይብሳል።» እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። «በይ፣ አርባ አንድ ብዬ እጽፋለሁ። ሦስቱንም መሥሪያ ቤት አስቀምጬ ዝርዝራቸውን ስም በስም አስነብባቸዋለሁ። ለነገሩ ከሳቸው ቤት እስከዚህ በወንበር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እንኳ ማናችንም አናውቅም።»

ልጅቷ ስልኩን መለሰች። ሬዲዮ መሬት መሬቱን እያየ ነው።

«ተቆጣችሽ?» አሉ ጋሼ።

«ገና ነው፤ ማታ ትቆጣኝ ይሆናል» አለች። ከወንበሩ ኋላ ዞራ እጀታዎቹን ያዘች። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚያወጣው ዳገት ከዚህ ሲታይ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይም ድንጋይ ፈሶበታል። ሬዲዮ አየት አደረጋትና ወደ ፊት ሄዶ ድንጋዮቹን በእግሩ ይገፋ ጀመር።

«ጋሼ፣ ሰዓት አስረዋል አይደል?»

«አስሬያለሁ። ምነው?»

«ደቂቃውን ይያዙልን» አለች፣ የወንበሩን ፍሬን እየለቀቀች። «አሁን ጀመርን።»