የጋሽ ኤርጃቦ ገመድ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ነኝ፣ ተማሪዎቼ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ ከሰማሁ እንኳ ሰሌዳውን አስጠርጌ ወደ ትምህርቴ ነበር የምመለሰው። አሁን ግን ደክሞኛል ወዳጄ፣ ለመከራከርም ጉልበት የለኝም፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ሆሳዕና ውስጥ የሣር ላይ ኳስ ክበብ አለን ብልህ ትስቅ ይሆናል። እግር ኳስ አይደለም። ድሮ ለሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ያስተማረን ጨዋታ ነው፣ ጫጩት የምንላት ትንሽ ነጭ ኳስ ትወረወራለች፣ ከዚያ ትልልቆቹን ኳሶች ተራ በተራ እናንከባልላለን፣ ጫጩቷን አብልጦ የተጠጋ ያሸንፋል፣ በቃ። ሐኪሙ ኳሶቹን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ እኛ ከወይራ አስጠርበን ቀጠልን። በደህናው ጊዜ ከፎንቆም ከጃጁራም ተጫዋች ይመጣ ነበር፣ ዛሬ የቀረነው አራት ሽማግሌዎች ነን፣ አንዳችን ጎንበስ ካልን የሚያቃናን ሌላ ሰው ያስፈልገናል።

ሁለት ኳሶች እኩል የቀረቡ ሲመስሉ ዳኛችን ጋሽ ኤርጃቦ በቃጫ ገመድ ይለኩ ነበር። እሳቸው አንዱን ጫፍ ኳሱ ጋ ይይዛሉ፣ እኔ ጸሐፊው ሌላውን ጫጩቷ ጋ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ ያደርጉታል፣ ልኩን ካመንኩበት እኔም አንዴ መልሼ እስባለሁ፣ ውጤቱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። "ገመድ ዘመድ አያውቅም" ይሉ ነበር ጋሽ ኤርጃቦ።

ከዱራሜ ቡድን ጋር ለዋንጫ የተጫወትን ዕለት የመጨረሻዋን ኳስ ያንከባለለው ሊቀመንበራችን ተክሌ ነበር። ጋሽ ኤርጃቦ ለኩ፣ ሁለት ጊዜ ሳቡ፣ እኔም አንዴ ሳብኩ፣ ዱራሜ በአንድ ጣት አሸነፈ።

"ሽማግሌው ተገዝቷል!" ብሎ ጮኸ ተክሌ፣ ሰውም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ጸሐፊ፣ ተናገር እንጂ፣ ስበሃል አልሳብክም?"

"እኔ እንጃ፣ በደንብ አላየሁም" አልኩ።

ጋሽ ኤርጃቦ ገመዳቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፣ ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳውን አልረገጡም። የሞቱ ጊዜ ልጃቸው ገመዱን አብራ እንዳስቀበረችው ነገረችኝ።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሜዳውን ለሕንፃ ሊሰጠው ነው። "ታሪክ ያለው ክበብ ከሆነ ጽፋችሁ አምጡ፣ እንተወዋለን" አሉን፣ ሥራው መቼም እኔ ላይ ወደቀ። ተክሌ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ዋንጫችን በዳኛ ተንኮል ተወሰደ ብለህ ጻፍ፣ ለተበደለ ሰው ያዝናል፣ ሽማግሌው እንደሆነ ከመቃብር ተነስቶ አይከስህ" አለኝ። ጻፍኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሜዳውን እንዳናጣ ነው እያልኩ ራሴን እየሸነገልኩ ጻፍኩት።

የቀረኝ የሜዳው ስፋት ብቻ ነበር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወረቀቱን በኮቴ ኪስ፣ ሜትሩን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ክረምት ነው፣ ጉሙ ወርዶ የማዶው አጥር አይታይም። መለካት ስጀምር እንጨት ከእንጨት ሲጋጭ ሰማሁ፣ ኳ! ኳሶቹ ተቆልፎባቸዋል፣ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ትንሽ ቆይቶ እርጥብ ሣር ላይ የሚንከባለል ነገር ድምፅ መጣ፣ መጣና አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፣ ባይ ምንም የለም።

እግሬ ሥር ግን ገመድ ነበር። የፍየል ማሰሪያ መስሎኝ አነሳሁት፣ ሌላው ጫፉ ጉሙ ውስጥ ገብቷል። ቃጫ ነው። ጫፉ ላይ ድሮ ሲተረተር እኔው ራሴ ያሰርኩበት ቀይ ክር አለ። እጄ ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ሳብ፣ ሳብ፣ ከዚያም ዝም አለ። እመነኝ፣ ፍየል ሁለት ጊዜ ስቦ መልስ አይጠብቅም።

ገመዱንም ሜትሩንም ጥዬ ሮጥኩ፣ በዚህ ጉልበቴ እንዴት እንደሮጥኩ እግዜር ይወቅ።

ሲነጋ ተመለስኩ። ገመድ የለም፣ የፍየል ኮቴም የለም። ሜትሩ ግን ዘርግቼ የጣልኩት እንዳልሆነ ሁሉ፣ ያኔ በዋንጫው ዕለት ጫጩቷ የነበረችበት ቦታ ላይ በደንብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ወረቀቱን ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። እውነቱን የጻፍኩበት ሌላ ወረቀትም አጠገቡ አለ፣ እሱን ብሰጥ ተክሌ ሜዳውን ያስወሰድክብን አንተ ነህ ይለኛል፣ ሁለቱን እያየሁ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ። የሚያስፈራኝ ግን መሳቡ አይደለም። ያኔ ሰው ፈርቼ ካድኳቸው፣ ይሁን። ያን ምሽት ግን ሜዳው ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ አንዴ መልሼ መሳብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፣ እኔ ግን አልሳብኩም።